ቶፊ በፍሪዘር ውስጥ

ቶፊ ቁርሷን በልታ ተኛች፤ ከዚያ በኋላ አልነቃችም።

ባለቤቷ ኖሪን ፓስኮ መጀመሪያ እርጅና መስሏት ነበር። ግን ቶፊ ገና በጎች የምታግድ ውሻ ነበረች። ባለፈው ወር ፈረሱ ባሮን ከሞተ ወዲህ ትንሽ ከመክሳቷ በቀር ምንም አልነበረባትም።

የእንስሳት ሐኪሟ ሻርሚላ ከቶፊ ሳህን የተረፈውን የተፈጨ ሥጋ ወደ ላቦራቶሪ ላከች። ውጤቱ ሲመጣ ኖሪንን ክሊኒክ ድረስ አስጠራቻት።

«የአይጥ መርዝ ምናምን አይደለም» አለቻት። «እንስሳ እንዳይሠቃይ ብለን ለመጨረሻ ጊዜ ስናስተኛው የምንወጋው መድኃኒት ነው። አንድ ሰው በመርፌ የሞተ ከብት ለሥጋ ሰጥቷል። መድኃኒቱ ቢቀቀልም ቢቀዘቅዝም ከሥጋው አይለቅም።»

«ባሮንን የወጋሽው ዓይነት?»

«ራሱ። ጥልቅ አድርጋችሁ ቅበሩት ያልኳችሁ ለዚህ ነው።»

«እኛማ በወጉ ቀብረናል» አለች ኖሪን። «ያልቀበረውን ነው መያዝ።»

በዚያ አገር ያረጀ ፈረስ የሚሸኘው በጥይት ነው። ኖሪን ግን የተኩሱን ድምፅ አልችልም ብላ ነበር መርፌውን የመረጠችው። ሻርሚላ ወግታው ስትሄድ፣ ኖሪንም ቀብሩን ላለማየት እህቷ ዘንድ ሄደች። ስትመለስ ባሏ ቬርን ከቁንዶ በርበሬው ዛፍ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀምጦ፣ የባሮንን ስም በቀለም ጽፎበት አገኘችው። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ካሮት ይዛ ትሄዳለች።

በአካባቢው ለውሻ የሚሆን ሥጋ የሚሸጠው ሌስ ሃንራቲ ብቻ ነው። የደከሙና የሞቱ ከብቶችንና ፈረሶችን ከየእርሻው በጭነት መኪናው ይሰበስባል፤ ፈጭቶና አቀዝቅዞ ለውሾች ይሸጣል። በዚያው ሳምንት የጎረቤት ውሾችም እንደ ቶፊ ተኝተው ቀርተዋል። ጥፋተኛውን ለማወቅ ዳኛ ያስፈለገው ሰው አልነበረም።

ኖሪን የግብርና ቢሮ ደወለች። የውሻ ምግብ ሰው የሚበላው ስላልሆነ አይመለከተንም አሏት። ማዘጋጃ ቤት ደወለች። የሱቁ ወለል ንጹሕ ከሆነ እኛ ምንም ማድረግ አንችልም አሏት። ሦስተኛው ቢሮ ሙዚቃ ሲያሰማት ቆይቶ ወደ ግብርና ቢሮ መለሳት። በመጨረሻ አንዲት ሴት መርማሪ እንደሚመጣ ነገረቻት፤ እስከዚያ ውሻዋን እንዳትቀብር አስጠነቀቀቻት።

ቶፊ በጆንያ ተጠቅልላ ፍሪዘር ውስጥ ገባች፤ ከአተሩና ከአይስክሬሙ አጠገብ። መርማሪው አልመጣም።

«ቅበሪያትና ይውጣልሽ» አላት ቬርን። «አተር ባወጣሽ ቁጥር እያለቀስሽ እንዴት ይሆናል?»

«ማስረጃዬ ናት።»

«ሌስ ክፉ ሰው አይደለም፣ ኖሪን።»

«ታዲያ ቶፊን ማን ገደላት?»

ቬርን አጥር ሊጠግን ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ የተጣመመ ዲጂኖ ይዞ ተመለሰ። ዝናብ ከጠፋ ሰንብቷል። የአጥሩ ቋሚዎች ከአምና ጀምሮ ሳይተከሉ እንደተጋደሙ ነው።

ቅዳሜ ኖሪን ሌስ ሱቅ ገባች። ሌስ እጁን በሽርጡ ጠረገ።

«ልትሰድቢኝ ከሆነ ቶሎ በይ፤ ደንበኛ እንዳይሰማ። ደንበኛ ካለ ማለቴ ነው።»

«በመርፌ የሞተ ከብት አምጥተሃል።»

«እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን ሳልጠይቅ አልጭንም። በጥይት ነው በመርፌ? መርፌ ካሉኝ ጥዬ እሄዳለሁ። ሁሉም በጥይት ነው ብለውኛል።»

«ሁሉም ማለት እነማን?»

«የደንበኛ ስም ካወራሁ ነገ ማን ይጠራኛል?» ሌስ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ወደ ውጭ ተመለከተ። «ሂጂ አሁን። ባልሽ መኪና ውስጥ ተቀቅሎ ሊያልቅ ነው።»

ኖሪን የቶፊን ፎቶ አባዝታ በዳቦ ቤቱ፣ በነዳጅ ማደያውና በሌስ በር ላይ ለጠፈች። ከፎቶው ሥር «እኔን የገደለኝ የሌስ ሥጋ ነው» ይላል። ሰዉ ከሌስ መግዛት አቆመ። ቀጥሎ ሰላምታም አቆመ። ወሩ ሳያልቅ ሱቁ ተዘጋ፤ ሌስ መኪናውን ሸጦ ልጁ ዘንድ ሄደ ተባለ።

ኖሪን ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ አላላትም። ቢሮ ደወለች። ያቺ ሴት ሥራ ለቃለች አሏት።

«በቃ አይመጡም» አለች ስልኩን ዘግታ። «ከባሮን ጎን እንቅበራት።»

«ከውኃ ታንከሩ ሥር ይሻላል» አለ ቬርን። «እዚያ አፈሩ እርጥብ ነው።»

«ሕይወቷን ሙሉ ያደረችው እሱ ጋጣ ውስጥ ነው። አሁንም ከጎኑ ትተኛ።»

«አካፋ አይገባውም እኮ።»

«ባሮንን በምን ቀበርከው ታዲያ?»

«በማሽን» አለ ቬርን።

ኖሪን ለጎረቤታቸው ለኮል ደወለች። ኮል የመቆፈሪያ ማሽኑን እየነዳ መጣ። ቬርን ጆንያውን ታቅፎ ከዛፉ ሥር ቆመ።

ኮል ፈረሱን እንዳይነካ ከድንጋዩ ራቅ ብሎ ጀመረ። የማሽኑ ጥርስ መሬቱን እየፋቀ አቧራ ብቻ አነሣ።

«ጠጋ በል» አለችው ኖሪን። «ባሮን ያለበት ጋ የላላ ይሆናል።»

ጠጋ አለ። አሁንም ጠጋ አለ። በመጨረሻ ድንጋዩን አንሥቶ እዚያው ቦታው ላይ ቆፈረ፤ እንደ ሲሚንቶ የደረቀ ቅርፊት ተሰንጥቆ ወጣ። ኮል ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና ከቅርፊቱ አንዱን አንሥቶ አገላበጠው።

«ኖሪን፣ ቦታውን አልተሳሳትሽም?» አላት። «ይሄ መሬት እኮ ከተፈጠረ ጀምሮ ተቆፍሮ አያውቅም።»