የታመነችው ንስር

«ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» ይላል የሰርቨሩ ኃላፊ። ስለዚህ ያመነው ኮምፒውተር ነው፤ ያውም የራሱን።

የይለፍ ቃል የሚጽፉ ሰዎችን ይንቃቸው ነበር። የገዛ ቤታቸውን በር እንደሚያንኳኩ ሞኞች ይቆጥራቸዋል። የቤቶች ጽሕፈት ቤቱን ሰርቨር ሲያደራጅ፣ የታመኑ ኮምፒውተሮች ዝርዝር ውስጥ አንድ ስም ብቻ ጻፈ፤ የራሱን ኮምፒውተር ስም፣ «ንስር»። ንስር ነኝ ያለች በእሱ ስም ቀጥ ብላ ትገባለች። ሌላው የይለፍ ቃሉን ይደርድር።

በዓመቱ አዲስ ኮምፒውተር ሲመጣለት እሷንም ንስር አላት። ዝርዝሩን እንደገና መነካካት ለጀማሪ ነው። አሮጌዋን ምድር ቤት ለምትሠራው ለመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ወረወረላት።

«እማማ ፋይል፣ ይኸው ሠለጠንሽ! ጡረታሽ እስኪደርስ የትየባ ስህተት ልቀሚ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» አለች፣ በክር የታሰረ መነጽሯን እያስተካከለች።

የወረቀት መዝገቡ በሙሉ እንዲቃጠል ደብዳቤ ሲጽፍላትም «እሺ» ብላለች። ከእሷ ሌላ ቃል ሰምቶ አያውቅም።

ጣጣው የጀመረው ሰኞ ነው። ቤት ከሚጠብቁት መካከል የመጀመሪያዎቹ ሰባት ሰዎች ቁልፍ ሊረከቡ፣ የስም ዝርዝሩ ሐሙስ ሊለጠፍ ነው። የሚስቱ ወንድም ስድስተኛ ነበር። ሰኞ ጠዋት አርባ አንደኛ ሆኖ አገኘው። ወደ ስድስተኛ መለሰው። ማክሰኞ እንደገና አርባ አንደኛ። መለሰው። ረቡዕም እንደዚያው።

የሚስቱ ወንድም ሁለት ዓመት ሙሉ የእሱ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ሪሞት ታቅፎ የሚውል ሰው ነው። ሚስቱ ደግሞ «ሐሙስ ቁልፉን ካልያዘ ዓይንህን እንዳላይ» ብላዋለች።

ሰርቨሩ ማን መቼ እንደገባ ይጽፋል። ሁልጊዜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ ሁልጊዜ «ከንስር»። ኃላፊው ቢሮ የሚደርሰው ሦስት ሰዓት ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ክፍሉ እየገባ ነው ማለት ነው።

የክፍሉ ትርፍ ቁልፍ ያለው የኔትወርክ ገመድ የሚዘረጋው ቀጮ ነው። የቀጮ አክስት ዝርዝሩ ላይ ስምንተኛ ናት፤ የሚስቱ ወንድም በወረደ ቁጥር ሰባተኛ ትሆናለች። ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?

«አክስትህ እንዴት ናት?» አለው ኮሪደር ላይ።

«ተራዋን እየጠበቀች ነው። ምነው?»

«አንዳንዱ ሰው ተራውን በገመድ ይስባል ሲሉ ሰምቼ ነው።»

«የይለፍ ቃል መጻፍ የሚታክተው ሰው ደግሞ ስለ ገመድ ምን አገባው?» ብሎ ቀጮ መሰላሉን ተሸክሞ አለፈ።

ሌባ፣ አለ ኃላፊው በልቡ። ለዚያውም አፈኛ ሌባ።

ያንኑ ዕለት የበሩን ቁልፍ አስቀየረ። ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ገብቶ ንስር ፊት ተሰየመ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲሆን፣ ማንም ሳይነካት፣ ስድስተኛው ስም ዓይኑ እያየ ወደ አርባ አንደኛ ወረደ።

ደረጃውን በሩጫ ወጥቶ ዳይሬክተሯ ቢሮ ገባ።

«ቀጮ በገመዱ በኩል ንስርን መስሎ እየገባ ስድስተኛውን ሰው አርባ አንደኛ ያደርጋል!»

ዳይሬክተሯ ቀጮን አስጠራችው። መጥቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

«ትክክለኛው ተራ የቱ ነው?» አለች።

«ስድስት!»

«በምን አውቃለሁ?»

«ወረቀቱ ተቃጥሏል። ያለው የእኔ ቃል ነው» አለ ኃላፊው፣ ኮራ ብሎ።

በሩ ተንኳኳ። እማማ ፋይል ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ አንድ ወፍራም መዝገብ በብብቷ ይዛ ገባች።

«አቃጥዪ አላልኩሽም?» አላት።

«እሺ አልኩህ እንጂ ዛሬ አልኩህ፣ ልጄ?» ወደ ዳይሬክተሯ ዞረች። «ዛሬም «ንስር» የሚል ስም ያለበት፣ ይህ ልጅ የሰጠኝ ኮምፒውተር ደግ ነው፤ የይለፍ ቃል እንኳ አይጠይቀኝም። እንዳዘዘኝ ጠዋት ጠዋት፣ ሥራ ሳይጀመር፣ ዝርዝሩን ከመዝገቡ ጋር እያስተያየሁ ስህተት እለቅማለሁ። አንዷ ግን ባረምኳት ቁጥር ተመልሳ ትመጣለች። ምን ይሻላል ብዬ ነው የመጣሁት።»

መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤ ጣቷንም የሚስቱ ወንድም ስም ላይ አኖረች።

ተራ ቁጥር አርባ አንድ።