የደምመላሽ ትንፋሽ

የሰማህ ላልሰማ አሰማ፤ ደምመላሽ ስንት ዓመት ሙሉ አፋፉ ላይ ሲደርስ ይሰነጠቅበት የነበረውን ከፍተኛ ድምፅ ትናንት ልምምድ ላይ አወጣው።

የድምፅ አስተማሪው ጋሽ ስለሺ ደስታውን መደበቅ አቅቶት ዛሬ ኬክ ይዞ ደምመላሽ ቤት ድረስ መጣ። «ትከሻህን አታንሳ፣ ከሆድህ ተንፍስ» እያለ የለፋበት ዘመን ያፈራ መስሎታል። በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ሰዎች ትንፋሽ እንዲሰጣጡ ሕግ ከፈቀደ ወዲህ፣ ክሊኒኮች የአንዱን ትንፋሽ ለሌላው እንደሚያዛውሩ ያውቃል፤ ከተማሪዎቹ አንዱ ያደርገዋል ብሎ ግን አልጠረጠረም።

መብራት እንደ ድሮው ሄዶ ስለነበር ሻማ በርቷል። መብራቱ ሲመጣ የደምመላሽ ሚስት አስካለ ሻማውን ልታጠፋ ጎንበስ ብላ እፍ አለች። ነበልባሉ ንቅንቅ አላለም። ደገመችው። ከዚያ ጣቷን በምራቋ አርሳ ክሩን ቆነጠጠችና ወንበር ላይ ዘፍ አለች፤ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል።

«ምነው አስኩ፣ አመመሽ እንዴ?»

«ደህና ነኝ ጋሼ። እሱ... ብቻ... ይዝፈን።»

ጋሽ ስለሺ የኬኩን ሳህን ጠረጴዛው ላይ መለሰ። ለመጪው በዓል የመረጠለት ዘፈን ከትናንቱም አንድ እርከን ከፍ እንደሚል ለደምመላሽ የነገረው ራሱ ነው። ቀና ሲል ደምመላሽ ጥግ ላይ ፊኛ የምትነፋ ልጁን አተኩሮ ያያል። ፊኛው በአንድ ትንፋሽ ተወጠረ።

«ምን አስበህ ነው እንዲህ የምታያት?»

«እሱን አልናገርም» አለ ደምመላሽ።