ከሥጋው ጋር የደረሳት

ብርቄ ከነጋ ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቷታል። ድስት ታነሳለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች፤ ግራ እጇ ላይ ያለውን አምባር ደጋግማ ታያለች። አዲሱ ሕግ ከወጣ ወዲህ የቅርጫ በሬ ሲታረድ በዕጣ የሚከፋፈለው ሥጋው ብቻ አይደለም። በሬው በመጨረሻ የሚሰማውም በአምባሩ በኩል ለአባላቱ ይዳረሳል፤ ለአንዱ የአንገቱ ሕመም፣ ለሌላው የጉልበቱ መክዳት።

«አይዞሽ፣ ለአሥራ ሁለት ሲካፈል የትንኝ ንክሻ ነው» አሏት የቅርጫው ሰብሳቢ ጋሽ ደምረው።

«የሚካፈለው ለእኛ ነዋ! በሬው እንደሆነ አንድ ነው» አለች ልጇ ሰብለ።

ብርቄ ልጇን ገላመጠቻት። በሬው እሷ ግቢ ታስሮ ሦስት ቀን ሰንብቷል። አተላ ያጠጣችው፣ ከመዳፏ ጨው ያላሰችው እሷ ናት። እንዳይከሳ ብላ እንጂ ሌላ ነገር አስባ አልነበረም።

ከጓሮ የአራጁ «በስመ አብ» ተሰማ። ብርቄ ጥርሷን ነክሳ አንገቷን በሁለት እጇ ያዘች።

አንገቷን ምንም አልነካትም። ጉልበቷም አልከዳትም። አፏ ውስጥ ግን የጨው ጣዕም መጣ፤ ከጨውም ጋር የራሷ እጅ ሽታ። በሬው ቢላዋው ሥር ሆኖ ትመጣለች ብሎ ይጠብቃት ነበር።

«ምን ደረሰሽ?» አሉ ጋሽ ደምረው ሥጋዋን ይዘው ሲገቡ።

«ምንም» አለች፤ አፏን ለሦስተኛ ጊዜ እየተጉመጠመጠች።

ምሳ ላይ ሰብለ ሽሮዋን ለብቻዋ ስትበላ፣ ጋሽ ደምረው ከጥብሱ ጎረሱና ቀና አሉ።

«ብርቄ፣ ዛሬ ጨው ረሳሽ እኮ።»