ዋሻ ውስጥ የተኛው

ቅዳሜ ከሰዓት በሚልኪያስ ቤት ተሰብስበን የምንጫወተው ጨዋታ፣ እሱ ታሪክ እየተረከ እኛ የታሪኩን ሰዎች የምንሆንበት ነው። የሰዎቹን ዕድል የሚወስነው የምንጥለው ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ነው። ጓደኛችን ያፌት በጨዋታው አዳኝ ነበር። በኑሮው ደግሞ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ወደ ጠረፍ ጭኖ እንደወጣ ቀረ፤ መኪናውም አልተገኘም። አዳኙን ግን ለመግደል አንጀታችን እንቢ አለን። ሚልኪያስ ዋሻ ውስጥ አስተኛውና ያለ እሱ መጫወት ቀጠልን።

አንድ ቅዳሜ የያፌት እናት እትዬ አስካለ መጡ። በየፖሊስ ጣቢያውና በየሆስፒታሉ ሲንከራተቱ ከርመው ከስተዋል።

«እዚህ ይጫወት ነበር አሉኝ። በጨዋታችሁ ውስጥ አሁን የት ነው ያለው?»

እርስ በርስ ተያየን። «ዋሻ ውስጥ ተኝቷል፣ እትዬ» አለ ሚልኪያስ ቀስ ብሎ።

«ብቻውን?»

ሚልኪያስ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«እባካችሁ ልጆቼ፣ ቀስቅሱትና ወደ ቤቱ ይምጣ።»

ሚልኪያስ መንገዱ ላይ ሽፍታ እንዳለ፣ ለማለፍ ስድስት መምጣት እንዳለበት አስረዳቸውና ዳይሱን ሰጣቸው። በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙት፤ ከዚያም ጣሉት።

አንድ መጣ።

ጎንበስ ብለው ሳያዩት ሚልኪያስ በመዳፉ ሸፈነው። «ስድስት ነው፤ አልፏል» አለ። «ሰፈር ደርሷል። በሩን እያንኳኳ ነው።»

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ።

«ልክፈትለት» አሉና ሄደው የሚልኪያስን በር ከፈቱ።