እዩልኝ

አቶ ይልቃል ጡረታ በወጡ ማግስት የአሮጌ ሚኒባሳቸውን ወንበሮች ነቅለው አልጋና ቡታጋዝ አስገቡበት፤ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ አሰገደች ጋርም አገር ለአገር መዞር ጀመሩ። ያያቸው ሁሉ በእርጅናቸው ሽርሽር የወጡ ይመስለው ነበር። እነሱ ግን የሚፈልጉት ከጦር ግንባር ያልተመለሰውን አንድ ልጃቸውን፣ ምንውየለትን ነበር።

ዓመታት ነጎዱ። ከመተማ እስከ ሞያሌ ያልረገጡት ከተማ አልነበረም። በደረሱበት ሁሉ ወይዘሮ አሰገደች የልጁን ፎቶ ይዘው መናኸሪያው ውስጥ ይገባሉ። አቶ ይልቃል ደግሞ መሪያቸውን እንደጨበጡ፣ ባለቤታቸው ፎቶውን ለመንገደኛው ሁሉ ሲያሳዩ በሩቁ እያዩ ይጠብቃሉ። ልጁ ከጎኑ ሲወድቅ ያየ ጓደኛው መጥቶ ለእሳቸው ብቻ ከነገራቸው ቆይቷል። ተስፋዋ ከተቆረጠ አትተርፍም ብለው መርዶውን ዋጥ አድርገው ያዙት።

ጂንካ ሲደርሱ ግን አቃታቸው። ዓይናቸው ደክሞ መንገዱም አልታይ ብሏቸው ነበር። መኪናዋን ዳር አስይዘው አቆሙና፣

"አሴ፣ የደበቅሁሽ ነገር አለ። ልጃችን እኮ..." ብለው መጨረስ ተሳናቸው።

"አውቃለሁ" አሏቸው ሚስታቸው ቀስ ብለው። "ገና ከቤት ሳንወጣ ነው የሰማሁት። ቁጭ ካልክ ሐዘኑ ይገድልብኛል ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

አቶ ይልቃል ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን ሰዉን ምን እያልሽ ትጠይቂ ነበር?"

"መች ጠየቅሁ? ልጄ ነው፣ እዩልኝ ነበር የምላቸው።"