የፈታኙ ስም

የስምንተኛ ክፍል ውጤት በተለጠፈ ማግስት፣ የተማሪ ዘቢደር እናት ልጇን አስከትላ ወደ ሥነ ምግባር መምህሩ ቢሮ ገባች። ከክፍሉ ልጆች የወደቀችው ዘቢደር ብቻ ነበረች፤ ያቺ ከአንደኛ ወርዳ የማታውቅ ልጅ።

«ጋሼ፣ ፈታኙ መልሱን ጮክ ብሎ ያነብላቸው ነበር አሉ» አለች እናትየው። «እሷ ግን እርስዎ ‹ያልለፋሽበትን አትውሰጂ› ብለው ስላስተማሯት፣ መልሱን ከሰማች በኋላ አንድም ጥያቄ ሳትሠራ ወረቀቷን መለሰች። ፈታኙ ማን እንደሆነ ብጠይቃት፣ አልናገርም ብላ ድርቅ አለች። እርስዎን እንደ አባቷ ነው የምታየው፤ እባክዎ ይጠይቁልኝ።»

መምህሩ ልጅቷን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ርእሰ መምህሩ «ውጤታችን ዘንድሮም ከወረደ ትምህርት ቤቱ መዘጋቱ ነው» ብሎ የመልሱን ወረቀት ሲያስጨብጠው ትዝ አለው። መቀበሉም፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ማንበቡም።

«አታስጨንቂያት፣ እህቴ» አለ በመጨረሻ። «ያነበብኩት እኔ ነኝ።»

እናትየው ክው አለች። ወደ ልጇ ዞረች።

«እውነት ነው?»

ዘቢደር እንባዋ በጉንጯ እየወረደ መምህሯን ትክ ብላ አየችው።

«ውሸታቸውን ነው፣ እማዬ» አለች። «እሳቸው አይደሉም።»