ማዞሪያው ኪሱ ውስጥ ነው

ሁመድ የመኪናውን የኋላ በር የመስታወት ማዞሪያ በካቻቪቴ ነቅሎ ኪሱ ከተተ። «እስቲ አሁን ክፈተው!» አለ ባዶውን ወንበር።

እናቱ ሀሚዳ ዓይናቸውን ኦፕራሲዮን ተደርገው ፀሐይ እንዳያገኛቸው ስለተባለ ነው ለአሮጌዋ ዲኤክስ መኪናው መስታወቶቿ ላይ ጥቁር ላስቲክ ያስለጠፈላት። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ያለው ላስቲክ ለጣፊ ሙኒር፣ «ሦስት ቀን መስታወት እንዳታወርድ። ከዚያ በሳሙና ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ከያዝከው አምስት ዓመት ንቅንቅ አይልም» ብሎታል። ሁመድ አላወረደም። ግን ሁለት ጠዋት በተከታታይ በሚኖርበት ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ የኋላው መስታወት እስከ ግማሽ ወርዶ አገኘው። በሮቹ እንደተቆለፉ ናቸው።

«ጅኒ ነው ባክህ፣ ሽጣት!» አለችው ጎረቤቱ ቤርሳቤህ ልብስ እያሰጣች።

«ጅኒም ይሁን አጋንንት መኪናዋ የኔ ናት! የሚለቅ ካለ እሱ ይልቀቅ!»

በሮቹን ቆላልፎ ዞር ከማለቱ ሲጢጥ የሚል ድምፅ ሰማ። በጠራራ ፀሐይ፣ ማዞሪያው ኪሱ ውስጥ እያለ፣ መስታወቱ ይወርዳል። የላስቲኩ ጫፍ መላጥ ጀመረ። የሁመድ ደም ፈላ።

«ላስቲኩን አበላሸኸው እኮ! ዝጋው!»

መስታወቱ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ላስቲኩን እንዳይጎዳ እንደሚጠነቀቅ ሰው፣ ተመልሶ ወጣና ተዘጋ።

«ሁመዴ፣ ሐኪሙ ጋ ረፈደብን እኮ፤ በሩን ክፈትልኝ እንጂ» አሉ እናቱ ከደረጃው ወርደው፣ ወደ ኋላው ወንበር እያመሩ።

እናንተ ብትሆኑ ትከፍቱላቸው ነበር?